ትርፉ ኃይል ወዴት ይሄዳል?

በሮቤና በጎባ መካከል ከሚመላለሱ የባጃጅ አሽከርካሪዎች ጋር ያወጋ ሰው «ሬጉሌተሩ ተቃጠለ» የሚለውን አነጋገር ሳይሰማ አይቀርም። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ አዲስ መግዛት ነው፤ «እንዲቀለው መብራቱን አብርተህ ንዳ» የሚል ምክርም ይታከልበታል። ተመሳሳዩ ምክር ቀላል አውሮፕላን በሚያበርሩ ሰዎች ዘንድም ይነገራል። በእኛ አስተያየት ግን ምክሩ አስቀድሞ መነሣት ያለበትን ጥያቄ ዘልሎ ያልፋል። ትርፉ ኃይል ወዴት ይሄዳል?

እንደሚታወቀው፣ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ዓ.ም. ባገኘው ሕግ መሠረት ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ በፈጠነ መጠን የሚመነጨው ቮልቴጅ ይጨምራል። በመኪና አልተርኔተር ውስጥ የሚዞረው ኤሌክትሮማግኔት ስለሆነ ሬጉሌተሩ የማግኔቱን ጅረት ቀንሶ ትርፉን ገና ሳይመነጭ ያስቀረዋል። ሴስና 172ም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። በብዙ ሞተር ሳይክሎችና በቀላል አውሮፕላኖች በሚዘወተረው ሮታክስ 912 ሞተር ላይ ግን ማግኔቱ ቋሚ ነው፤ ሊያዳክሙት አይቻልም። የሮታክሱ ጄኔሬተር በደቂቃ 5,500 ዙር ላይ 250 ዋት ገደማ መስጠት ይችላል። አውሮፕላኑ 100 ዋት ብቻ ቢፈልግስ?

ለዚህ ሁለት ዓይነት መልስ አለ። ሻንት የሚባለው ሬጉሌተር ለትርፉ ጅረት አቋራጭ መንገድ ከፍቶ ወደ ጥቅሉ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ መብራት በራም ጠፋም ጥቅሉና ሬጉሌተሩ መሞቃቸው አይቀርም። ሲሪስ የሚባለው ግን መንገዱን ይዘጋል፤ ያልተፈለገው ኃይል ከሞተሩ አይወሰድም። በዚህኛው ሙቀቱ የሚከተለው የምንጠቀምበትን ጅረት ነው። ለምሳሌ 15 አምፔር ሲያልፍ በውስጡ 2 ቮልት ቢቀር 30 ዋት ሙቀት ይሆናል፤ ይህም የአንድ አነስተኛ የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ያህል ነው። እንግዲህ «መብራት አብራ» የሚለው ምክር በመጀመሪያው ዓይነት እምብዛም አይረዳም፤ በሁለተኛው ጭራሽ ሙቀቱን ያባብሳል።

«ባሌ ብርድ ነው፤ እዚህ ምን ያሞቀዋል?» የሚሉም አይጠፉም። እስቲ እናስላው። ሮታክስ ለሬጉሌተሩ የሚፈቅደው ከፍተኛ ሙቀት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በባሕር ጠለል አየሩ 30 ዲግሪ ቢሆን የሙቀት ልዩነቱ 50 ነው፤ በሮቤ አየሩ 15 ዲግሪ ቢሆን 65 ይሆናል። ይህ የ30 በመቶ ብልጫ ነው። ይሁን እንጂ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እኩል መጠን ያለው ነፋስ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። 1.3 በ0.75 ሲባዛ 0.98 ገደማ ነው። ብርዱ የሰጠውን የአየሩ መሳሳት መልሶ ወሰደው ማለት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ፣ እፍጋቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል።

ከሮቤ ተነሥቶ ወደዚያ አምባ የሚወጣ ቀላል አውሮፕላን ደግሞ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየሠራ በዝግታ ይሄዳል፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የሚያንሰው የሞተሩ ሙቀት በበረታበት ሰዓት ነው። በካርቡረተር የሚሠራው 912 የብልጭታ ኃይሉን ከራሱ ጥቅል ስለሚያገኝ ባትሪው ቢሞትም ሞተሩ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የወጣው 912 አይኤስ ግን ነዳጅ የሚረጨው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ሁለት ጄኔሬተር የተገጠመለትም ስለዚህ ነው። በምድር ላይ የአንድ ቀን ገቢ የሚያሳጣ ብልሽት በአየር ላይ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ አዲስ ሬጉሌተር ከመግዛት በፊት ዓይነቱን መለየት፣ ከሞተሩ ግለት አርቆ ነፋስ በሚያገኘው ብረት ላይ ማሰር፣ የሽቦውንም መጋጠሚያ መፈተሽ ይገባል። የዛገ መጋጠሚያ 0.1 ኦም ብቻ ቢኖረው በ15 አምፔር 22.5 ዋት ያባክናል፤ ይህን ጥፋት አዲስ ዕቃ አያስተካክለውም።

በመደ ወላቡም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችንና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የፋራዴይ ሕግ ቀመሩ ላይ ባይቆም እንወዳለን። ከጋራዥ የተጣለ ሬጉሌተር፣ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ቴርሞሜትርና ጥቂት አምፖሎች ለቤተ ሙከራ ይበቃሉ። ተማሪዎቻችን አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያበሩ ሙቀቱን ይመዝግቡ፤ ውጤቱንም ለጋራዡ ይመልሱ። ኃይል አይጠፋም ብሎ ያስተማረ መምህር፣ ወዴት እንደሄደ የማሳየት ዕዳ አለበት።