ግማሹ የሚጠፋው ከፍርዱ በፊት ነው

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም፣ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተተከለባት ወዲህ ሌላ ከተማ ሆናለች። የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ በ2004 ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ካሳ ተቀበለ። ግቢው ሰፋ ያለለት ነዋሪ ደግሞ ለሠራተኞች የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎችን በረድፍ ሠራ። እንዲህ ባለ ከተማ ትዳር ሲፈርስ ሙግቱ የካሳ ገንዘብ፣ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ሒሳብና የመኪና ነው።

ሕጉ በዚህ በኩል አይታማም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር፤ ፍቺውንም የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥም ሆነ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ደግሞ የኦሮሚያው አዋጅ ቁጥር 69 ተከተሉ። መርሁ ግልጽ ነው፦ በትዳር ውስጥ የተፈራ የጋራ ነው፤ ሲለያዩም እኩል ይካፈሉታል።

ብዙዎች የማያውቁት ዝርዝር ግን አለ። አንድ ሰው ከማግባቱ በፊት የሠራቸው ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት እንበል። ክፍሎቹ የግሉ ናቸው። በትዳሩ ዘመን የሰበሰበው ኪራይ ግን በፌዴራሉ ሕግ የጋራ ነው፤ በዚያ ኪራይ የተገዛችው ሚኒባስም እንዲሁ። ሊብሬው በእሱ ስም መውጣቱ ብቻውን አያድነውም፤ ንብረቱ የግሌ ነው የሚል ወገን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየትም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ፣ ሌላው ቀርቶ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት በስጦታ ለመስጠት የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? በጊዜው ላይ ነው። ባልና ሚስት ከተኳረፉበት ቀን አንሥቶ ንብረት እስኪካፈሉ ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ፍርድ ቤቱ ለማስታረቅ እስከ ሦስት ወር ሊሰጥ ይችላል። ፍቺው ከተወሰነ በኋላም የንብረቱ ክርክር ብዙ ጊዜ ለብቻው ይቀጥላል። በዚህ መሐል መኪናው ለወንድም ይሸጣል፣ የባንክ ሒሳቡ ይራቆታል፣ የኪራዩ ውል በእናት ስም ይዞራል። ያለ ስምምነት የተፈጸመን ውል ማፍረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ክሱ ውሉ በታወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በቅን ልቦና የገዛ ሦስተኛ ወገንም ጥበቃ አለው። ስለዚህ ፍርዱ “እኩል ይካፈሉ” ሲል የሚካፈሉት የተረፈውን ነው።

የካሳ ገንዘብ ነገር ከሁሉ የከፋ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በቋሚነት ለሚለቀቅ የእርሻ መሬት የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ ወደ 15 ዓመት ገቢ አሳድጎታል። ያ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። በኦሮሚያ የጋራ ይዞታ ደብተር የሚወጣው በባልና በሚስት ስም ነው፤ ገንዘቡ በአንዱ ሒሳብ ብቻ ከገባ ግን የደብተሩ ሁለት ስም ምን ይፈይዳል? ካሳው ሁለቱ በጋራ በሚያንቀሳቅሱት ሒሳብ ብቻ እንዲከፈል ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም።

ቀለብም የራሱ ክፍተት አለው። ልጆች ከፍቺ በኋላም ቀለባቸው ይከበርላቸዋል፤ መጠኑም በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ይለካል። ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ለተጋቢውም ጊዜያዊ ቀለብ ማዘዝ ይችላል። ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ ግን ያ መብት ያበቃል። ሃያ ዓመት ልጅ ስታሳድግ የኖረች፣ ደመወዝ የሚባል ነገር አይታ የማታውቅ ሴት የምትጠብቀው ድርሻዋን ብቻ ነው። ድርሻው ከተደበቀባትስ? ሕግ አውጪው ቢያንስ ራሷን እስክትችል ድረስ የተወሰነ ጊዜ ድጋፍ ሊፈቅድላት ይገባል።

በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ንብረት የሚካፈሉ ተጋቢዎች ያላቸውን ሁሉ ዘርዝረው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። በፈረንጆቹ 2015 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ ባለድርሻ ኩባንያው አክሲዮኑን ለገበያ ለማቅረብ እየተዘጋጀ መሆኑን ከሚስቱ ደብቆ በደረሰው ስምምነት ምክንያት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወስኗል። የእኛም ፍርድ ቤቶች የፍቺ አቤቱታ በቀረበበት ቀን ሁለቱም ወገኖች ሀብትና ዕዳቸውን በመሐላ እንዲያስመዘግቡ ቢያደርጉ፣ የሰወረም ድርሻውን እንዲያጣ ሕጉ ቢደነግግ፣ ብዙ ክርክር ከመወለዱ በፊት ይቀራል።

እስከዚያ ድረስ አቤቱታ ለማቅረብ የወሰነ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የይዞታ ደብተሩን፣ የሊብሬውንና የኪራይ ውሉን ቅጂ አስቀድሞ ይሰብስብ። ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ የሚያግድ ትእዛዝም በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ ከፍቺ አቤቱታው ጋር አብሮ ይጠይቅ።