ፍሬኑ ሲጮህ ማን ይሰማል?

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ርእሳችን ግን አንዳንዶቻችሁን «የመጋቢ ሚስትንና የመኪና ፍሬንን ምን አገናኛቸው?» ሳያሰኛችሁ አይቀርም። እኔም «መኪናው የባለቤቴ ጉዳይ ነው፤ የእኔ ቤቱ ነው» እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ይህ አስተሳሰቤ ሊያስከፍለን የነበረውን ዋጋ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነጌሌ ቦረናንና የደቡብ ቆላ ከተሞችን የምታውቁ እንደምትረዱት፣ በእኛ አካባቢ ፒክ አፕ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ወደ ፊልቱም ሆነ ወደ ዶሎ ኦዶ፣ ወደ ገጠር አጥቢያዎችም ለመድረስ ብዙዎቻችን የምንደገፈው በእርሱ ነው። የድምፅ ማጉያው፣ የውሃው ጀሪካን፣ የዱቄቱ ኩንታል፣ አንዳንዴም ፍየሉ ይጫንበታል። አቧራው፣ ኮረኮንቹና ጭነቱ ተባብረው ከሁሉ አስቀድመው የሚበሉት ደግሞ ጎማንና ፍሬንን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴ፣ «ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከፊት ጎማም የብረት መፋጨት ይሰማኛል» አለኝ። መካኒኩ አይቶ ሁለቱም የፊት ዲስኮች ማለቃቸውን ነግሮት ነበር። በዚያው ወር ግን ለጉባኤ የሚመጡ እንግዶች እኛ ቤት ሊያርፉ ነበር፤ የሶፋችን ጨርቅ ተቀዶ ስለነበር እኔ በጣም አፍሬ ነበር። የቤቱን ገንዘብ የምይዘው እኔ ነኝና፣ «ለአሁኑ ሸራውን ብቻ ቀይረው፤ ዲስኩ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል፤ ደግሞ ጌታ ይጠብቀናል» አልኩት። እርሱም ክርክር ስለማይወድ እሺ አለ። ሸራው ተቀየረ፤ ድምፁም ለጊዜው ጠፋ። ሶፋውም አማረ።

ከሁለት ወር በኋላ ከሐዋሳ ወደ ነጌሌ ስንመለስ ነው ነገሩ የደረሰው። ያን መንገድ የሄዳችሁበት እንደምታስታውሱት፣ ከቦሬ ደጋ ወደ አዶላ ስትወርዱ ከፍታው ወደ አንድ ሺህ ሜትር በሚጠጋ ይቀንሳል። ከፊት እኔና ባለቤቴ፣ ከኋላ ወንበር ትንሿ ልጃችንና ሁለት መዘምራን ነበርን፤ ጭነቱም ከባድ ነበር። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ቀጥሎ ባለቤቴ ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ወደ ታች ሰመጠበት። ከፊታችን አንድ እረኛ ልጅ ከብቶች ያሻግር ነበር። ባለቤቴ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ አወረደ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበ፤ መኪናውንም መንገዱ ዳር ወዳለው የአፈር ክምር አስጠጋው። ከልጁ ጥቂት ሜትር ሲቀረን ቆምን። ልጁ ምን እንደተረፈ እንኳ ሳያውቅ እጁን አውለብልቦልን ከብቶቹን ይዞ አለፈ።

መዘምራኑ «ሃሌ ሉያ!» አሉ። የእኔ አፍ ግን ተሳሰረ። የታየኝ የሶፋው ጨርቅ ነበር።

በኋላ መካኒኩ ዲስኩን አውጥቶ አሳየን። ፊቱ ላይ ስንጥቆች ነበሩ፤ በሙቀት ብዛትም ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ያስረዳን ነገር እንዲህ ነው። ፍሬን የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ያን ሙቀት የሚሸከመው በዋናነት ዲስኩ ነው። ፍጥነታችሁ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ዲስኩ በሳሳ ቁጥር ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ትርፉ ወደ ሸራውና ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ይህ መጠን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ሲረገጥ ስለሚታመቅ ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ለዚህ ነው ፔዳሉ የሰመጠው። እንግዲህ አዲስ ሸራ በአለቀ ዲስክ ላይ ማድረግ ድምፁን ዝም አሰኘው እንጂ አደጋውን አላስወገደውም።

የሚከተሉትን ምልክቶች ባልም ሚስትም ቢያውቋቸው መልካም ነው፦

1. ፍሬን ሲያዝ መሪው ወይም ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ፣ ዲስኩ ውፍረቱ እኩል አለመሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

2. የብረት መፋጨት ከተሰማ፣ ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየበላው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው ይቁም።

3. በዲስኩ ፊት ላይ ጥልቅ ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም ሰማያዊ ቀለም፣ በጠርዙም ላይ ከፍ ያለ ከንፈር ከታየ ይለካ። ዝቅተኛው የሚፈቀድ ውፍረት ብዙ ጊዜ በራሱ በዲስኩ ላይ በሚሊሜትር ተቀርጾ ይገኛል። በብዙ ፒክ አፖች በአዲሱ ዲስክና በመጨረሻው ውፍረት መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ነው! የሚለካውም ሸራው በሚነካው ቦታ እንጂ በከንፈሩ ላይ አይደለም።

ዲስኩ ቶርኖ ቤት ሊስተካከል የሚችለው ከተስተካከለ በኋላም ከዚያ ቁጥር በላይ የሚተርፍ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሆነ ይቀየር፤ ሲቀየርም የግራውና የቀኙ አብረው፣ ከአዲስ ሸራ ጋር ይሁን። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግለት። ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ከዝገትና ከጭቃ ይጽዳ፤ አለዚያ አዲሱም ይንቀጠቀጣል። ካሊፐሩ በዘይት ቱቦው ላይ አይንጠልጠል። በአዲሱ ዲስክ ላይ ያለው የፋብሪካ ቅባት በደንብ ይጠረግ። የጎማው ዳዶዎች በመስቀልኛ ቅደም ተከተል ይጠበቁ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ ይረገጥ፤ ይህን የረሳ ሰው ከጋራዡ በር ሳይወጣ ሊጋጭ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ድንገተኛ አያያዝ ሳይኖር ሸራውና ዲስኩ ቀስ እያሉ ይላመዱ።

በጉዞ ላይ ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱና ሞተሩ መኪናውን ይያዘው። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። ወንዝ ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን በቀስታ እየያዛችሁ አድርቁት። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ጥሩ ልማድ ነው።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራን ደንግጓል። ይሁን እንጂ ምርመራው የአንድ ቀን ነው፤ ዲስኩ ግን በየቀኑ ይሳሳል። ቦሎ መለጠፉ ብቻ ሕሊናችንን ሊያሳርፈው አይገባም።

ወገኖቼ፣ በዘዳግም 22፥8 እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ አንድ ሰው ከዚያ ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ ነው። ይህን ክፍል በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። መከታው የሚሠራው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ቤቱ ለሚመጣ ሁሉ ነው። የእኛም ፍሬን ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ለማናውቀው ለዚያ እረኛ ልጅም ነው። ጌታችንም ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ፣ ጥበቃ የተሰጠው ተስፋ እያለ እንኳ እግዚአብሔርን ለመፈታተን እምቢ አለ (ማቴ. 4፥5-7)። ማለቁን እያወቅን በአለቀ ዲስክ ላይ የጉዞ ጸሎት አድርገን መነሣት እምነት ይመስላል እንጂ እምነት አይደለም። ጸልዩ፣ ሳትጸልዩ አትውጡ፤ ነገር ግን የምታውቁትን አስተካክላችሁ ጸልዩ።

ለባለትዳሮች የምለው አንድ ነገር አለኝ። በቤታችን ድምፁን የሰማው ባለቤቴ ነበር፤ ገንዘቡን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። የሰማው አጥብቆ አልተናገረም፤ የያዘችውም አላዳመጠችም። ከዚያ ቀን በኋላ ለፍሬንና ለጎማ የሚሆን ገንዘብ ከእያንዳንዱ የመኪናው ገቢ አስቀድመን እናስቀምጣለን፤ ከእኛ አንዳችን «ያሰጋኛል» ካለ ደግሞ መኪናው ሳይታይ ከግቢ አይወጣም። ባለቤቴን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም እኔን ጠይቆኛል።

በዚህ ሳምንት አብራችሁ ተቀመጡና ይህን ተጠያየቁ፦ ባለፉት ወራት ከእኛ አንዳችን ተናግሮ ሌላው «ይደርሳል» ያለው ነገር የትኛው ነው? መኪና ባይኖራችሁም መልስ አታጡም። መኪና ካላችሁ ግን ከቀጣዩ ጉዞ በፊት ጎማው ወልቆ ዲስኩ ይለካ።

ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ። አሜን።