ስለ ሞተር ቢስክሌት ዘይትና ስለ ሙየንጋ አቀበት

ከካምፓላ ከተማ መካከል በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የሙየንጋ ኮረብታ በነዋሪዎቹ ዘንድ «ታንክ ሂል» ተብሎም ይጠራል። ይህን ስም ያገኘው ለከተማው የሚታደለው ውሃ የሚጠራቀምባቸው ታላላቅ ጋኖች በራሱ ላይ ስለ ተሠሩ ነው። ከግርጌው ካባላጋላ የሚባል ሰፈር አለ፤ በዚያም እንጀራና ወጥ የሚቀርብባቸው የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ከካባላጋላ ወደ ሙየንጋ ለመውጣት የሚፈልግና መኪና የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠራው ቦዳ ቦዳን ነው።

ቦዳ ቦዳ ማለት ሰውን በዋጋ የሚያመላልስ ሞተር ቢስክሌት ነው። ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በኡጋንዳና በኬንያ ወሰን ላይ በቡሲያ ሲሆን፥ በሁለቱ ኬላዎች መካከል መንገደኛን በተራ ቢስክሌት የሚያሻግሩ ሰዎች በእንግሊዝኛ «ወሰን፥ ወሰን» እያሉ ይጣሩ ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ መጣ ይባላል። ዛሬ በካምፓላ ብዙዎቹ ቦዳ ቦዳዎች የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራው ቦክሰር የተባለው ዓይነት ናቸው። በአገራችን ባጃጅ ሲባል ባለ ሦስት ጎማው በዓይናችን ይመጣል፤ በካምፓላ ግን ይኸው ኩባንያ ይበልጥ የሚታወቀው በሁለት ጎማው ነው።

እንዲህ ያለው ሞተር የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። በአብዛኛው መኪና የሞተሩ ዘይትና የማርሹ ዘይት የተለያዩ ናቸው፤ እዚህ ግን ያው አንዱ ሊትር ፒስተኑን ያለሰልሳል፥ የማርሹን ጥርሶች ይቀባል፥ ፍሪሲዮኑንም ያርሳል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነውና፥ ሁለት ሰው ተሸክሞ በዝቅተኛ ማርሽ ሽቅብ ሲያዘግም ነፋሱ ያንሳል፥ ሙቀቱም ይበዛል። ዘይቱ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዘይት የሚለወጥበትን ቀን በወር መቍጠር አያዋጣም። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቦዳ ቦዳ በወር 3,000 ኪሎ ሜትር ይሞላል፤ ለግል ጉዳዩ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሰው ግን ያንኑ ለመሙላት 10 ወር ያስፈልገዋል። የሚቈጠረው ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ልኩም በፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። አቧራና ዳገት በበዛበት ስፍራ ከመመሪያው አስቀድሞ መለወጥ ይገባል እንጂ ማዘግየት አይገባም። ሞተሩን በብድር የገዛ ወይም ለባለቤቱ የዕለት ሒሳብ የሚያስገባ ሰው ለአንድ ሊትር ዘይት ሳስቶ ፒስተኑ ቢነክስበት፥ ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል፤ ዕዳው ግን አይቆምም።

ብዙ ሰዎች ዘይቱ ስለ ጠቈረ ብቻ ተበላሸ ይላሉ። ዘይት የሚጠቍረው ጥላሸቱን ይዞ ስለሚያስቀር ጭምር ነውና፥ ከቀለሙ ይልቅ መጠኑን መመርመር ይበልጣል። ሲመረመርም ሞተሩ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በጐን መደገፊያው ካዘመመ መለኪያው ዘንግ ሐሰት ይናገራል። ሲለወጥ ደግሞ ሞተሩ ጥቂት ሞቅ ቢል መልካም ነው፤ የሞቀ ዘይት ቀጥኖ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳልና።

በዘይቱ ዕቃ ላይ «20 ደብልዩ 50» የሚል ጽሕፈት ብዙ ጊዜ ይታያል። ደብልዩ የምትባለው ፊደል በእንግሊዝኛ የብርዱን ወራት ታመለክታለች። አማርኛ የሚማር ሰው ግን «ክረምት» ብሎ ቢተረጕማት ይሳሳታል፤ የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ነውና። ፊተኛው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ፥ ኋለኛው በሞቀ ጊዜ ያለውን ውፍረት ያሳያል። በካናዳ በበረዶ ላይ ለሚሄዱት ባለ ሞተር መንሸራተቻዎች 0 ደብልዩ 40 የሚሰጠው ማለዳ በብርዱ እንዳይረጋ ነው፤ የካምፓላ ሞተር ይህ ሥጋት የለበትም። ይልቁንስ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚለውን ምልክት ይፈልጓል። ነዳጅ እንዲቈጥቡ ተብለው ለመኪና ከሚዘጋጁት ዘይቶች አንዳንዶቹ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል፤ ያን ጊዜ በአቀበቱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፥ ጎማው ግን አይገፋም።

ከዘይቱ ቀጥሎ ካቴናው ይመጣል። ካቴና፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮንና ካንዴላ ከጣልያንኛ ወደ መካኒኮቻችን ቋንቋ የገቡ ቃላት ናቸው፤ ካቴና ለእስረኛ እጅ ማሰሪያም ይነገራልና ተማሪው ይጠንቀቅ። የካምፓላ ቀይ አፈር በበጋ ይበናል፥ በዝናብ ጊዜም ጭቃ ሆኖ ይለጠፋል፤ ከቅባት ጋር ሲቀላቀል ብረትን እንደ ሞረድ ይበላል። ካቴናው በሽፋን ውስጥ እንደ ሆነም ስለማይታይ ይረሳል። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥቦ፥ አድርቆ፥ ከዚያ መቀባት ነው፤ ሳያጥቡ ደርቦ መቀባት አቧራ መመገብ ነው። ለብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከታች በኩል መካከሉ በጣት ሲነካ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢወዛወዝ ልኩ ነው። የላላ ካቴና ከጥርሱ ይወጣል፤ የተወጠረም ሰው ሲቀመጥበት ይበልጥ ይወጠርና ቦኩን ያበላሻል። ቅባቱ በፍሬኑ ላይ ከቶ እንዳይነጥብ።

አንዳንድ ነጂዎች ከሙየንጋ ሲወርዱ ቤንዚን ለመቈጠብ ሞተሩን ያጠፋሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን የሚረጨው ፓምፕ ይቆማል፥ ጎማው የሚያዞራቸው የማርሽ ጥርሶች ግን መዞራቸውን አይተዉም። ከዚህም የከፋው ሞተሩ በማርሽ ይይዝ የነበረው ክብደት ሁሉ በፍሬኑ ላይ መውደቁ ነው። ልጁን በቦዳ ቦዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ነጂው ይህን እንደማያደርግ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሲነሣም ካቴናው ሽፋኑን ሲመታ ቢሰማ ሌላ ይጥራ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ ቦዳ ቦዳዎች የሞተር ዘይት አይሹም፤ የፍሬናቸው ነገር ግን ያው ነው።

የወጣው አሮጌ ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ወደሚቀበል ጋራዥ መሄድ አለበት። አንዳንዶች ምስጥ እንዳይበላው ለአጥር እንጨት ይቀቡታል፤ ይህም ወደ አፈሩ መዝለቁ አይቀርም። ወደ ቦይ የተደፋው ደግሞ ከዝናቡ ጋር ቍልቍል ይሄዳል። የካምፓላ ጐርፍና ፍሳሽ ከሚወርድባቸው ስፍራዎች ዋነኛው በቪክቶሪያ ሐይቅ የመርቺሰን ወሽመጥ ነው፤ በዚሁ ወሽመጥ ዳር በጋባ ለከተማው የሚጠጣው ውሃ ይቀዳል፥ ተጣርቶም በቧንቧ እየተገፋ በሙየንጋ ራስ ላይ ወዳሉት ጋኖች ይወጣል።