ላልሞተ ቴሌቪዥን መዋጮ አይውጣ



እንደሚታወቀው የአዳራሻችን ቴሌቪዥን ቀለሙ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ ማሳየት ከጀመረ ሦስት ወር ሆነው። የተጠራው ሠራተኛ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ የምርመራውን ሂሳብ ተቀብሎ ሄደ። እኛም አምነን ለአዲስ መግዣ በየቤቱ 300 ብር እንዲዋጣ ሐሳብ አቀረብን። ዛሬ ሐሳባችንን አንስተናል።

ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ ሲጠረግ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገን ጀርባውን አየነው። ከሪሲቨሩ የሚመጣው ቢጫ ገመድ አረንጓዴው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቷል። ነቅለን ቢጫው ላይ ሰካነው፣ በሪሞቱም «ሶርስ» የሚለውን ተጭነን ኤቪ ላይ አደረግነው፤ ቀለሙ ከነወዙ መጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለግድግዳው ቀለም ቅብ ሲባል የነቀልነው እኛ፣ አሳስተን የሰካነውም እኛው ነን።

ቢጫው ገመድ የምስሉን ብርሃንና ቀለም ባንድነት ይዞ ይመጣል። አረንጓዴው ቀዳዳ ግን ከጎኑ ካሉት ከሰማያዊና ከቀይ ጋር ሦስት ሆኖ ነው የሚሠራው። እሱ የሚያሳየው ብርሃኑን ብቻ ነው፤ ቀለሙን ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ይጠብቃል። እነሱ ባዶ ከሆኑ ጥቁርና ነጭ ይቀራል። በአንዳንድ አዲስ ቴሌቪዥን ደግሞ ቢጫውና አረንጓዴው አንድ ቀዳዳ ስለሆኑ የሚለየው በሪሞቱ ነው።

ቀዩም ያሳስታል። ከሰማያዊ ጎን ያለው ቀይ የምስል ነው፤ ከነጭ ጎን ያለው ቀይ የቀኝ ድምፅ ነው፣ ነጩ የግራ። «አውት» የተባለው ሰጪ፣ «ኢን» የተባለው ተቀባይ ነው። ሰጪን ከሰጪ ማገናኘት ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እያወራ ሰሚ እንደመጥፋት ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠፍጣፋ መሰኪያ ምስልና ድምፅ ባንድ ገመድ ስለሚያመጣ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የኛ ሪሲቨር ግን አሮጌ ነውና የለውም።

ከአባሎቻችን አንዲት እናት ከበዓል ወዲህ ዜናውን ያለ ድምፅ ነው የሚያዩት። ልጆቻቸው «ጀርባውን እንዳትነኪ» ብለዋቸዋል። በኛ አስተያየት ኪሳችንን የሚያራቁተው ይኸው «አትንኩ» ነው። እነዚያ ባለ ቀለም ገመዶች ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ የለባቸውም። አደገኛው የመብራቱ ገመድ ነው፤ እሱን አስቀድማችሁ ንቀሉ፣ ክዳኑንም አትክፈቱ። ሌላውን ግን እዩት፣ ነቅላችሁ ስኩት። ሠራተኛ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

300 ብሩን አስቀድማችሁ የከፈላችሁ አባላት ደረሰኛችሁን ይዛችሁ እሑድ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ከገንዘብ ያዡ ተቀበሉ። እናታችን ዘንድ ነገ እንመጣለን፤ ቡና አያፍሉ፣ የነጩን ገመድ ነገር አይተን እንመለሳለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት