ጣዕሙን እንለውጥ፣ መስፈሪያውን አንንካ



በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። «እናቴ ዱቄቱን እምቢ አለች፣ ሌላ ዓይነት የለም ወይ?» ዱቄቱ ጥርስ ላጡ፣ ከቀዶ ሕክምና ለወጡና ምግብ ለዘጋቸው ሕሙማን በምግብ ፈንታ በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የጣሳ ዱቄት ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ እኚህ እናት በቀን ስድስት ጊዜ ያንኑ የቫኒላ ጣዕም ሲጠጡ ወር ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው ደግሞ «ይህን ያህል ብር ወጥቶበት እንዴት እምቢ ትላለች?» ብለው ያዝኑባቸዋል።

እስኪ እኛ ቁርስ፣ ምሳና እራታችንን ለአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት እናድርገው! እንኳን የታመመ ጤነኛም ይሰለቻል። መሰልቸትን ከምስጋና ቢስነት አንቁጠረው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቤተሰብ በራሱ የሚያመጣው መፍትሔ ነው። አንዱ መጠጡ እንዲቀጥን፣ ጣሳውም እንዲበረክት ብሎ ስድስት መስፈሪያ የተባለውን ሦስት ያደርገዋል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በመመሪያው መሠረት ሲበጠበጥ አብዛኛው የዚህ ዓይነት መጠጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 1 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ይሰጣል። 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በቀን ስድስት ጊዜ ከተጠጣ 1,200 ይሆናል፤ ዱቄቱ በግማሽ ሲቀነስ ግን 600 ብቻ! ሆድ በውኃ ይሞላል፣ ብርጭቆውም ባዶውን ይመለሳል፣ እናት ግን ይከሳሉ። ሌላው በመጠጡ ፈንታ የአጥንት መረቅ ይሰጣል። ሥጋው ለጤነኞቹ ድስት ውስጥ ቀርቶ ውኃው ለሕመምተኛዋ! መረቅ ያሞቃል፣ አፍ ይከፍታል፤ የምግብ ምትክ ግን አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መስፈሪያውን ሳትነኩ ጣዕሙን ለውጡት። ጠዋት ቀረፋ፣ ከሰዓት ሄል ጣል አድርጉበት። አንዱን ለብ ባለ ውኃ፣ ሌላውን በቀዝቃዛ በጥብጡት። የበሰለ ሙዝ ወይም ፍሬው ወጥቶ ውኃ ውስጥ የራሰ ቴምር አልማችሁ ጨምሩ። የፈላ ውኃ ግን አይሆንም፤ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ከቪታሚኖቹም የሚጎዳ አለ።

እኔ ከሁሉም የምወደው የገብሱን አጥሚት ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለሕመምተኛና ለሐዘንተኛ ተልቢና እንዲሠራ ያዙ እንደነበር በሰሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። (ተልባ አላልኩም! ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን አጥሚት ነው።) ገብሱን በወተት አቅጥናችሁ አብስሉ፣ ለብ እስኪል አቆዩት፣ ከዚያ የተሰፈረውን ዱቄት አዋህዱበት። በማንኪያ የሚበላ ነገር ሲቀርብላቸው «ምግብ በላሁ» ይላሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከስድስቱ ብርጭቆ አንዱን በቤት ምግብ መተካትም ይቻላል። በደንብ የተቀቀለ አንድ እንቁላል ከመካከለኛ አቮካዶ ግማሽ ጋር ልሞ ቢቀርብ በካሎሪም በፕሮቲንም ከአንድ ብርጭቆ ጋር ይቀራረባል። ሁሉንም ግን አትተኩ፤ በዱቄቱ ውስጥ ያሉትን ቪታሚኖችና ማዕድናት እንቁላልና አቮካዶ ብቻቸውን አይሸፍኑም።

የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው፣ ሲውጡ ትን ለሚላቸው ወይም በቱቦ ለሚመገቡ ሐኪም ሳይጠየቅ ምንም አይጨመር። ማርና ቴምርም ለስኳር ሕመምተኛ ያው ስኳር ናቸው።

እኛ የመድኃኒት ቤት ሰዎችም ጥፋት አለብን። ጣሳውን አስረክበን፣ ብር ተቀብለን ዝም እንላለን። ስለዚህ ስትገዙ ስንት መስፈሪያ በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ጣሳው ከተከፈተ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቃችሁ በአማርኛ አስጽፉ። ሕመምተኛዋንም በየሳምንቱ መዝኑ። ሚዛን ከሌላችሁ ቀለበታቸውንና አምባራቸውን ተመልከቱ፤ እየሰፋ ከሄደ ጣሳው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።