ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ሁለቱ ዓመታት ጠይቁ!

አሜሪካ የምትኖሩ፣ ያረጁ ወላጆቻችሁን የምትጦሩ ወገኖች ሆይ፣ አድምጡ! «የሐኪም ምርመራ የለም፣ የጤና ጥያቄ የለም፣ ማንንም አንመልስም» የሚለው የቀብር ኢንሹራንስ በቴሌቪዥንም በፖስታም ቤታችሁ ገብቷል። በጤና ምክንያት ማንንም አለመመለሱ እውነት ነው። በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን ስንቶቻችን አንብበናል?

አባታችሁ የ10,000 ዶላር ውል ገቡ እንበል። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በሕመም ካረፉ ቤተሰቡ 10,000ውን አያገኝም። የሚመለስለት የከፈሉት ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ይታከልበታል። በወር 60 ዶላር ለአንድ ዓመት ከፍለው ከነበረ 792 ዶላር ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሙሉው የሚከፈለው በአደጋ ለሞተ ነው። ለቀብር የተማመናችሁበት ገንዘብ በለቅሶው ቀን የለም!

ስለዚህ አስቀድማችሁ ሌላውን ሞክሩ። ምርመራ ሳይኖረው ጥቂት የጤና ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ውል አለ። ጥያቄውን ያለፈ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሽፋን ያገኛል፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ስኳር ወይም ደም ግፊት አለባቸው ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በመድኃኒት የተቆጣጠሩትን የሚቀበሉ ኩባንያዎች አሉ። ለወላጆቻችሁ የምታስተረጉሙ ልጆች ግን እውነቱን ተናገሩ። ኤጀንቱ «የለባቸውም በሉ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ሞት በ2 ዓመት ውስጥ ከመጣ ኩባንያው የሕክምና መዝገባቸውን አገላብጦ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል።

ኤስኤስአይ (SSI) የተባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ እናት ካሏችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ! የሕይወት ኢንሹራንሳቸው ጠቅላላ መጠን ከ1,500 ዶላር ካለፈ፣ ውሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ገንዘብ እንደ ሀብት ይቆጠራል። ላንድ ሰው የተፈቀደው ሀብት 2,000 ዶላር ነው። ካለፈ ወርሃዊ ድጎማቸው ይቋረጣል።

የቀብር ገንዘብ ይሰጣችኋል የሚል፣ የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤም አያታልላችሁ። ሜዲኬር ለቀብር አይከፍልም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሰጠው 255 ዶላር ነው፤ እሱም መስፈርቱን ለሚያሟላ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ብቻ።

ዛሬውኑ ይህን አድርጉ፦ ኤጀንቱ ፈቃድ እንዳለው በክፍለ ግዛታችሁ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። «ነገ ቢሞቱ ስንት ይከፈላል? ክፍያው በዕድሜ ይጨምራል? ሽፋኑ በ80 ዓመታቸው ያበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በውሉ ላይ አሳዩን በሉ። በቅርቡ ፈርማችሁ ከሆነ ውሉን አሁኑኑ አውጡ። በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ቢያንስ 10 ቀን ውስጥ ሰርዛችሁ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ሁለት ዓመቱን የጨረሰ ውል ያላችሁ ደግሞ «የተሻለ አለ» ለሚል ሻጭ ብላችሁ አታፍርሱት፤ አዲሱ ውል ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ስለ ቀብር ማውራት ሟርት አይደለም። ወላጆቻችን በጤና ሳሉ፣ ፊት ለፊት፣ በቋንቋቸው እናስረዳቸው፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይሁን።