ስለ ጆሮ ጥንቃቄ፤ ወደ ባሕር ለሚጠልቁ

ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1943 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በውኃ ውስጥ የሚያስተነፍሰውን መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ፥ ወደ ባሕር መጥለቅ ለብዙ ወጣቶች መዝናኛ ሆኗል። ወላጆች ግን ውኃው በጆሮ ገብቶ አንጎል እንዳይደርስ ሲሠጉ እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የጆሮ ታምቡር ደኅና ከሆነ ውኃ ከዚያ አያልፍም። የሚያስፈራው ግፊቱ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕሩ ፊት ላይ ካለው እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህ ጠላቂው ሕመም ሳይሰማው አስቀድሞ አፍንጫውን ይዞ፥ አፉን ገጥሞ፥ በቀስታ እፍ ይበል። ጆሮው አልከፈት ካለው ወደ ላይ ጥቂት ይመለስ እንጂ በግድ አይውረድ። ታምቡሩ የተቀደደ እንደ ሆነ ቀዝቃዛው ውኃ ወደ ውስጥ ዘልቆ ራሱን ያዞረዋል፤ ላይና ታቹንም ያሳተዋል፤ ይህም ለሞት የሚያደርስ ነው። ጕንፋን የያዘው ሰው ከነጭራሹ እንዳይጠልቅ፥ ከባሕር የወጣውም ራሱን አዘንብሎ ውኃውን እንዲያፈስ እንጂ ጆሮውን በእንጨት እንዳይጐረጕር አጥብቀን እንመክራለን።